ካርዱን ያላየው ማን ነው?

«ኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርዱን አያየውም» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ያላየው ማን እንደሆነ ነው። ሞኒተሩ ነው? ዊንዶውስ ነው? ወይስ ማዘርቦርዱ ራሱ? የሦስቱ መፍትሔ አይገናኝም። ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይለይ በቀጥታ ፎርማት ያስደርጋል። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ሥራው ሁሉ ጠፍቶበት፣ ካርዱም አሁንም ሳይታይ ሲመጣ በጣም አዝናለሁ። ፎርማት ምርመራ አይደለም።

ያላየው ሞኒተሩ ብቻ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኬብሉ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይገኛል፤ ነቅሎ ካርዱ ላይ መሰካት ነው። ፕሮሰሰሩ መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለበት የኢንቴል ምርት ከሆነ ደግሞ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ የተሰካ ኬብል ጭራሽ ምስል አያወጣም። እንዲህ «ሞቷል» ተብሎ የመጣ ጤነኛ ኮምፒውተር ብዙ ነው።

ቀጥሎ ዲቫይስ ማኔጀርን እከፍታለሁ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካገኘሁ የሃርድዌር አይዲውን አያለሁ። 10ዲኢ የሚል ካለበት ኤንቪዲያ፣ 1002 ካለበት ኤኤምዲ፣ 8086 ካለበት ኢንቴል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ካየሁ አብዛኛውን ጊዜ ካርዱ በትክክል ተሰክቷል፣ የጎደለው ድራይቨር ነው ማለት ነው። ኮድ 43 ሲጽፍ ግን እጠራጠራለሁ፤ ድራይቨሩን ከሥሩ አጽድቼ እንደገና እጭናለሁ። ለክሪፕቶ ማይኒንግ ሲያገለግል የቆየ የኤኤምዲ ካርድ ከሆነ የራሱ ባዮስ ተነካክቶ ሊሆን ስለሚችል ድራይቨሩ አልቀበልም ይላል።

ዊንዶውስም የማዘርቦርዱ ባዮስም ምንም ካላዩ ኬዙ ይከፈታል፤ ያኔ የምጀምረው ከፓወር ነው። ካርዱ የተሰካበት ስሎት የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ባለ 6 ፒኑ ኮኔክተር ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ይጨምራል። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ 240 ዋት ገደማ ሲሆን ለካርድ የተዘጋጀ ኬብልም የለውም። በዚህ ጊዜ ነው ከሃርድ ዲስኩ መስመር ጠልፎ ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር የሚገዛው። አንዱን ሳወጣው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ ከፒኖቹ አንዱ ቀልጦ ከመሰኪያው ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ሽታው ኬዙ እንደተከፈተ ይሰማል። ሃርድ ዲስኩ ፓወር የሚያገኝበት የሳታ ኮኔክተር በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ብቻ ነው፤ በ8 ፒን በኩል 150 ዋት ሊሳብበት ነው እንግዲህ። ይህን አዳፕተር ሱቅ ውስጥ ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን ኬብልም ከካርዱ ኬብል ጋር ይመሳሰላል እንጂ የሽቦዎቹ አሰላለፍ የተገለበጠ ነው፤ በግድ ካስገቡት ካርዱ ሊቃጠል ይችላል።

ፓወሩ ደህና ከሆነ ካርዱን አወጣዋለሁ። ወርቃማ ንክኪዎቹን በንጹሕ አልኮል እጠርጋለሁ፣ ስሎቱ ውስጥ ያለውን አቧራ አስወጣለሁ፣ ከዚያ ማያዣው ቀጭ እስኪል ድረስ እጫነዋለሁ። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ኬዙ ትንሽ ከተጣመመ የኋላውን ብሎን ስናጠብቅ የካርዱ ሌላኛው ጫፍ ከስሎቱ ብድግ ይላል። ስለዚህ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ በጎን ዝቅ ብዬ እመለከተዋለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልታየ ካርዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ሌላ ካርድ ደግሞ እዚህኛው ላይ እሰካለሁ። ይህ ሳይደረግ «ካርድህ ተቃጥሏል» የሚላችሁን ባለሙያ አትመኑ። እናንተም ወደ ባለሙያ ስትሄዱ ካርዱን ብቻ ነቅላችሁ አትውሰዱ፤ ሙሉ ኮምፒውተሩን ከነሞኒተር ኬብሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፋይላችሁንም ቀድማችሁ ባክአፕ አድርጉ።