ኪም ሮድና በራሪው ሸክላ
አሜሪካዊቱ ተኳሽ ኪም ሮድ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በአትላንታ፣ ገና የ17 ዓመት ብላቴና ሳለች ወርቅ ከተቀዳጀችበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 2016ቱ የሪዮ ውድድር ድረስ፣ በስድስት ተከታታይ ኦሊምፒያዶች ያለ ሜዳልያ ተመልሳ አለማወቋ እጅግ የሚደነቅ ነው፤ ይልቁንም ከአቴና በኋላ የለመደችው የድርብ ዒላማ ውድድር ለሴቶች በመቅረቱ፣ ስኪት በተባለው ሌላ ስልት ሦስቱን ሜዳልያዎች መጨመሯ የጽናቷ ምስክር ነው።

በስኪት ተኳሿ የጠመንጃዋን ሰደፍ ከወገቧ አጠገብ ይዛ ትቆማለች፤ ድምፅ ሰጥታ ዒላማውን ከጠራች በኋላ፣ ወርዱ 110 ሚሊሜትር የሆነው ሸክላ ወዲያው ይወርወር ወይም እስከ 3 ሰከንድ ይዘግይ አታውቅም፤ በዚያች አጭር አርምሞ ዓይን፣ ትከሻና እስትንፋስ፣ ጽናጽል እንደ ያዙ መዘምራን፣ በአንድነት ለመነሣት ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በለንደን ኦሊምፒክ ከ100 ሸክላዎች 99ኙን የሰበረችው በዚህ ሥርዓት ነው፤ እኔን ግን ያ ያመለጣት አንዱ ይበልጥ ይማርከኛል፤ ሰው መሆኗን ያስታውሳልና።

የኪም ስም ከውድድር ሜዳ ውጭም ይነሣል፤ ካሊፎርኒያ ጥይት የሚገዛ ሁሉ በየግዢው እንዲመረመር ያወጣችውን ሕግ በመቃወም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. በቀረበው ክስ፣ ከከሳሾች ስም ቀድሞ የተጻፈው የእርሷ ነው። ሕጉን በሚደግፉትና በሚነቅፉት መካከል እዚህ ፍርድ መስጠት አልሻም፤ ነገር ግን በልምምድ ቀን ጥይት በመቶ የምትቆጥር ሴት ጉዳዩን ከሌላው ሰው አስቀድማ መሰማቷ አያስገርምም።