የሚያኖረውም የሚያሳምመውም

ሕንዶች አዩርቬዳ በሚሉት ጥንታዊ ሕክምናቸው የሰው ሥጋ በሦስት ኃይሎች ይተዳደራል ይላሉ። ቫታ የነፋስ ወገን ነው፤ እስትንፋስን፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ ሐሳብን ሳይቀር ያንቀሳቅሳል። ፒታ የእሳት ወገን ነው፤ ምግብ ይፈጫል፣ ገላ ያሞቃል። ካፋ የውሃና የመሬት ወገን ነው፤ መገጣጠሚያን ያለሰልሳል፣ አካልን ያጸናል። ሦስቱን በአንድ ላይ ዶሻ ይሏቸዋል። በሽታም የሚነሣው ከእነዚሁ ከሦስቱ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረው ቫግባታ የሚባለው ሐኪም መጽሐፉን ሲጀምር ነገሩን ሳያዞር ያስቀምጠዋል፤ ዶሻዎች በልካቸው ሲሆኑ ሥጋን ያኖራሉ፣ ልካቸውን ሲለቁ ያጠፉታል።

እኔ ወሎ ውስጥ መርሳ ላይ በባህል መድኃኒት የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ሳነብ እንግዳ አልሆነብኝም። የአብነት መምህሮቼ ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ መፈጠሩን ሲያስተምሩ፣ አራቱ ማለትም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት እርስ በርስ ጠበኞች መሆናቸውን አጥብቀው ያነሡ ነበር። እሳትን ውሃ ያጠፋዋል፣ ውሃን እሳት ያደርቀዋል። በአንድ ገላ ተቻችለው የሚያድሩት ነፋስ በሙቀቱ ከእሳት፣ በእርጥበቱ ከውሃ ተስማምቶ ስለሚያስታርቃቸው ነው ይሉን ነበር። በእስልምናው ዓለም ደግሞ ሐኪሙ ኢብን ሲና ከግሪኮች የተቀበለውን ትምህርት አስፍቶ ደምን፣ አክታን፣ ቢጫ ሐሞትንና ጥቁር ሐሞትን የጤናም የሕመምም ምንጭ አድርጎ ጻፈ። የሕንዶቹ ሦስት፣ የእኛ አራት ነው፤ ቁጥሩም አከፋፈሉም ስለሚለያይ አንዱን ወስዶ በሌላው ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። በአንድ ነገር ላይ ግን ሁሉም ይስማማሉ፤ ሕመም የተሠራበት ነገር ጤና ከተሠራበት ነገር የተለየ አይደለም። ከእኛ ወደ ሰሜን ቆቦ ላይ ገበሬው ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላው ይመልሰዋል። ያው ጎርፍ በአንድ ሌሊት ማሳውን ከነአፈሩ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ገበሬው ጎርፉን አይረግምም፤ ቦዩን ይጠብቃል።

ይህ ፍልስፍና ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁ ነበር። ሥራዬ ላይ በየቀኑ ይገጥመኛል።

ፌጦን እንውሰድ። መርሳ በምትገኝበት በሀብሩ ወረዳ ፌጦ የሌለው ጓዳ ብዙም አይገኝም። ሆድ ሲነፋ፣ ብርድ ሲገባ፣ ወቅጠው በሎሚ አድርገው ይውጡታል። ትኩስ ነው፤ የተኛን ሆድ ይቀሰቅሳል። አንድ ከጊራና በኩል የመጡ አዛውንት ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ገቡ።

«አባቴ፣ ምን ወሰዱ?» አልኋቸው።

«ፌጦ ነዋ! ጎረቤቴ ድኖበት፣ እኔን ግን አነደደኝ።»

«ጎረቤትዎ ሆዱን ምን ይለው ነበር?»

«ይነፋዋል፣ ይከብደዋል። እንጀራው አልወርድ ይለዋል።»

«እርስዎንስ?»

«እኔንማ ባዶ ሆዴን ስውል ነው የሚያቃጥለኝ። ሌሊት ይቀሰቅሰኛል።»

የጎረቤታቸው ሆድ ቀዝቅዞ ነበር፤ የእርሳቸው ደግሞ ነዶ ነበር። በአዩርቬዳ ቋንቋ የመጀመሪያው ካፋ በዝቶበታል፣ ሁለተኛው ፒታ። እሳት የጎደለው ሰው ፌጦ ሲወስድ ይድናል፤ እሳት የበዛበት ሰው ፌጦ ሲወስድ ሆዱ ይቃጠላል። ለእርሳቸው የሚሆነው የተልባ ውሃ ወይም ምሬቱ እስኪለቅ ተዘፍዝፎ ውሃው የተቀየረ አብሽ ነበር። ያንንም ሰጥቼ አላበቃሁም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ቃጠሎ የጨጓራ ቁስል ሊሆን ስለሚችል፣ ሰገራቸው ጠቁሮ እንደሆነ ጠይቄ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። ጥቁር ሰገራ ደም ሊሆን ይችላል፤ ደም ደግሞ በተልባ አይቆምም።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምናልፈው ነገር አለ። በሽተኛው ሲገባ «ለሆድ ምን አለህ?» ይላል፤ እኛም ለሆድ የሚሆነውን እናወርዳለን። ሆድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውዬው ደረቅ ነው ወይስ ወፍራም? ሲበላ ይብሰዋል ወይስ ሲጾም? በዐቢይ ጾም ነው ወይስ በረመዳን የጀመረው? በወሎ ሁለቱም ጾም ስላለ ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው። ሕንዶቹ ሆድን ባዶ ማድረግን ከሕክምና ይቆጥሩታል፤ ለከበደው ሰውም በእውነት መድኃኒት ነው። ለከሳው፣ ለስኳር ታማሚው፣ ለምታጠባ እናት ግን ያው ጾም ሕመም ሊሆን ይችላል። ሐኪም መሆን ከዚህ ይጀምራል፤ ቅጠሉን ማወቅ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

ወቅትም እንደዚያው ነው። ክረምት መስከረም 25 ወጥቶ መጸው ሲገባ፣ እርጥብ ምድር ላይ ፀሐይ ትበረታለች። ሕንዶቹ ፒታ በዝናብ ወራት ይጠራቀማል፣ ዝናቡ ሲያባራ ይገነፍላል ይላሉ። እኛ ጋር በዚያው ወቅት ምች ይበዛል። አጨዳ ላይ ያላበው ሰው ፀሐይ ይመታዋል፤ ራሱን ያመዋል፣ ይተኩሰዋል፣ ከንፈሩ ላይ ይወጣበታል። ዳማከሴ ተቆርጦ በእጅ ይታሻል፣ ጭማቂው ይሸተታል፣ ገላ ይቀባበታል፣ ጥቂቱም በቡና ይጠጣል። ከዚያ ጋቢ ለብሶ ማላብ ነው። ትኩሳቱን በሙቀት እናስወጣዋለን። ስለ ትኩሳት የሕንዶቹ ገለጻ እጅግ ይማርከኛል፤ ምግብ የሚያበስለው የሆድ እሳት ከቦታው ተነቅሎ በቆዳ ላይ ሲሰራጭ ትኩሳት ይሆናል፣ ለዚህ ነው ትኩሳት ያለበት ሰው መብላት የሚያስጠላው ይላሉ። እሳቱ ያው ነው፣ ቦታውን ነው የሳተው።

ግን መርሳ ቆላ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ትኩሳት ይዞት የሚመጣ ሰው ወባ ሊኖርበት ይችላል። ዳማከሴ ያላበዋል፣ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ዳንሁ ብሎ ይሄዳል። ወባ ከሆነ ግን ተመልሶ ይነሣል፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒታችን በሚሠራበት በዚያው ኃይሉ በሽታን ሊሸፍን ይችላል። በእነዚያ ወራት ደሙን ያልተመረመረ ትኩሳተኛ ላይ ዳማከሴ አልጨምቅም።

ከሕንድ ጋር በአንድ ተክል እንገናኛለን። ግዛዋ የምንለው፣ ከአጥር ሥር የሚበቅለው፣ ፍሬው ቀይ ሆኖ እንደ ስስ ወረቀት ባለ ሽፋን ውስጥ የሚቀመጠው ቁጥቋጦ፣ በሕንድ አሽዋጋንዳ የሚባለው ነው። እኛ አብዝተን የምንጠቀምበት ለጢስ ነው፤ ለክፉ ዓይንና ለልክፍት እናጥናለን። እነርሱ ሥሩን ፈጭተው በወተት ይሰጡታል፣ ለደከመ ሰው ኃይል፣ እንቅልፍ ላጣ ሰው ዕረፍት ይሆናል ይላሉ። ዛሬ ዱቄቱ በእንክብል ተሞልቶ በአውሮፓና በአሜሪካ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዴንማርክ አገደችው፤ የታይሮይድ ዕጢንና የፆታ ሆርሞኖችን ሊያናጋ፣ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል በሚል ሥጋት። ጉበታቸው የተጎዳ ተጠቃሚዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ይህን የምጽፈው ግዛዋን ለማንኳሰስ አይደለም። ኃይል ያለው ነገር ሁሉ የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት «ለጥንካሬ» ብላ ሥሩን ብትጠይቀኝ አልሰጣትም።

እንዶድም አለን። እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪው አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚሞቱ ያወቀው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ያው እንዶድ ጽንስ ለማስወረድ የጠጣችውን ሴት ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ ግን ያስተማረኝ ኮሶ ነው። ኮሶ በቆላ አይበቅልም፤ ወደ ሀብሩ የሚወርደው በድልብና በጋሸና በኩል ካለው ደጋ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላ አገር አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር። የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይወሰዳል፤ ትሉን ያስወጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሳይቀር ገብቶ ነበር። መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን ሊያጠፋ፣ ሰውም ሊገድል ይችላል፤ በኮሶ ምክንያት የማየት ችሎታቸው የጠፋ ሰዎች በዓይን ሐኪሞች ተመዝግበዋል። ዛሬ ለኮሶ ትል ከጤና ጣቢያ የሚሰጥ ክኒን ስላለ ኮሶ የሚያጠጣ ሰው ምክንያቱ አይገባኝም። እኔ ትቼዋለሁ።

ኮሶ ትልን እንደሚገድል አገር ሁሉ ያውቃል። ምን ያህል እንደሚያድንና ከምን ያህል በኋላ እንደሚያሳውር ግን የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እርሱም ለልጁ ሳይነግር ሞተ። በሙያችን ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። ሥሩን መደበቅ እንጀራን መጠበቅ ነው ይባላል፤ ይሁን። መጠኑን መደበቅ ግን የሰው ነፍስ መደበቅ ነው። በእጄ ያሉት ደብተሮች «ጥቂት»፣ «እፍኝ»፣ «በጣት የተቆነጠረ» ይላሉ፤ የማን እፍኝ? ማርከሻ አለ ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። እርጎና ተልባ የተቆጣን ሆድ ያበርዱ ይሆናል፣ የጠፋን ዓይን አይመልሱም። በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪም ለመሆን የሥራ ላይ ልምምዱን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል በኮሌጅ ይማራሉ፤ መንግሥታቸውም እ.ኤ.አ. በ2014 ለባህል ሕክምና ራሱን የቻለ ሚኒስቴር አቋቁሟል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን ከተማና አካባቢዋ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። ስለ ሚዛን ያን ያህል የተናገረ ሕክምና እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ያለ ሚዛን የምንሠራው እንዴት አንፈራ?

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ በነበሩበት ጊዜ መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ሰው ወደ ቅጠል ተመለሰ። ለሳል፣ ለሆድ፣ ለቁስል የቻልነውን አደረግን፤ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ማር። ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ታማሚዎች ግን ሲመጡ የምሰጠው አልነበረኝም፤ ኢንሱሊንን የሚተካ ቅጠል የለም። ኢንሱሊን ራሱ ከልኩ ሲያልፍ ሊገድል የሚችል መድኃኒት ነው። ሐኪሞቹ በዩኒት ሰፍረው ስለሚሰጡት ግን ብዙ ሰው በእርሱ ይኖራል። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ገዛሁ። የምሰጠውን ሁሉ በግራም እመዝናለሁ፣ በወረቀት ጽፌ እሰጣለሁ፣ አንድ ቅጂ እኔ ዘንድ ይቀራል። ወጣት የሙያ ጓደኞቼ «ምስጢሩን በወረቀት አወጣህ» ይሉኛል። አዎ፣ አወጣሁ።

በበይነ መረብ «አንተ ቫታ ነህ ወይስ ፒታ?» እያሉ በጥያቄ ሰውን የሚመድቡትን አልወድም። ሰው አንድ ጊዜ ተመድቦ የሚቀር አይደለም፤ በክረምትና በበጋ፣ በወልድያና በጊራና ቆላ፣ በሃያ ዓመቱና በስድሳው አንድ አይሆንም። ዶሻን የሚያውቅ ሰው በሽተኛውን በየጊዜው እንደ አዲስ ይመረምራል።

ስለዚህ ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ የባህል ሐኪም ስትሄዱ አራት ነገር አድርጉ። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ በተለይ የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማቅጠኛ ከሆነ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት ተናገሩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ትኩሳት ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ደማችሁን ተመርመሩ። የሚሰጣችሁን መጠን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አልጽፍም ያለ ሐኪም ዘንድ መድኃኒት አትቀበሉ።