«ይነቀልልኝና ልገላገል»

ጥርሱን ታሞ ወንበሬ ላይ ከሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ የምሰማው ይህንኑ ነው። ከሰበታ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ የመጣውም፣ ከሱሉልታ ወተቷን አስረክባ የመጣችውም፣ ቡራዩ ሱቁን ዘግቶ የመጣውም በዚህ አይለያዩም። ሕመሙ እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ መንቀል ደግሞ በየትም ቦታ ከሁሉም ርካሹ መሆኑን ያውቃሉ። በመንግሥት ሆስፒታልም በግል ክሊኒክም ሠርቻለሁ። በሁለቱም ቦታ የሙያዬ ከባዱ ክፍል ጉጠቱን ከማንሳቴ በፊት ያለችው ሩብ ሰዓት ናት። ጥርሱም የቤተሰቡ ገንዘብም የሚተርፉት ወይም የሚባክኑት በእሷ ውስጥ ነው።

«መንግሥት ቤት ልሂድ ወይስ ግል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ጥርሱ የደረሰበትን ሳላውቅ አልመልስም። ስለዚህ ራጅ ከማዘዜ በፊት ስለ ሕመሙ ጠባይ እጠይቃለሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ጠዝጥዞ ወዲያው የሚተው ከሆነ ነርቩ ገና አልተጎዳም፤ የተበላውን ጠርጎ መሙላት ይበቃዋል። ቀዝቃዛው ካለፈ በኋላም ሕመሙ የሚቆይ፣ ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብስ፣ ምንም ሳይነካው የሚቀሰቀስ ከሆነ ግን ነርቩ አይድንም፤ ምርጫው ሩት ካናል፣ ማለትም ነርቩን አውጥቶ ሥሩን መሙላት፣ ወይም መንቀል ነው። በመስታወቴ እጀታ ጥርሱን ቀስ ብዬ መታ ሳደርገው ታካሚው ከወንበሩ ብድግ ካለ ደግሞ ነገሩ ሥሩ ጫፍ ደርሷል። አታላዩ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ይጠፋል፤ ሰውየውም ቅርንፉዱ ወይም ያለ ማዘዣ የገዛው አሞክሳሲሊን የፈወሰው ይመስለዋል። ከወራት በኋላ ድዱ ላይ መግል ቋጥሮ ይመለሳል።

ይህን የማብራራው ወጪው የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። በጊዜ የተሞላ ጥርስ፣ በግል ክሊኒክም ቢሆን፣ ዘግይቶ ሩት ካናልና ሽፋን ከሚያስፈልገው ጥርስ በብዙ ይረክሳል። ሰው ግን በመንግሥትና በግል መካከል ሲያመነታ ወራት ያልፋሉ፤ ጥርሱም ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ሰበታ፣ ሱሉልታና ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ቢጠቃለሉም፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚገቡበት በር የየራሳቸው ነው። የቡራዩ ሰው በአስኮ በኩል ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ይወርዳል፤ የሱሉልታው የእንጦጦን ጀርባ ይዞ በአዲሱ ገበያ ይገባል፤ የሰበታው በዓለም ገና አድርጎ አየር ጤና ይደርሳል። መንገዱ የወጪው አካል ነው። መንግሥት ተቋም ውስጥ ካርዱና ማስነቀያው ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ካርድ ለማውጣት አንድ ቀን፣ ለራጅ ሌላ ቀን፣ «መሙያው አልቋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ሲባል ደግሞ ሌላ ቀን ይሄዳል። ለጡረተኛ ወይም ፈቃድ ለሚሰጠው የወር ደመወዝተኛ ይህ ይቻላል። የቀን ሠራተኛ ግን በየምልልሱ የቀን ገቢውን ያጣል፤ በዚያ ላይ የታክሲ አለ። ስንደምረው፣ አንድ ቀላል ጥርስ በሰፈሩ ክሊኒክ በአንድ ቀጠሮ ማስሞላት የሚረክስለት ሰው ብዙ ነው። «ድሃ ስለሆንኩ መንግሥት ቤት» የሚለው ሒሳብ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ያለው ሰው ስሌቱ ይለያል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ሁለት ነገር ተደንግጎ ነበር፤ ሁለቱንም ለታካሚዎቼ እነግራቸዋለሁ። አባሉ ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሳያጽፍ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ የሕክምናውን ግማሽ ራሱ ይሸፍናል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ ከመድኑ ውጭ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ መድኑ የታመመውን ያስነቅልልሃል፣ ክፍተቱን ግን አይሞላልህም። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ከላይ ያለው ጥንዱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማኘኩ ወደ አንድ ጎን ይዞራል። ዛሬ ርካሽ የነበረው ማስነቀል ከዓመታት በኋላ የድልድይ ወይም የኢምፕላንት ዋጋ ይዞ ይመጣል፤ ያንን የሚከፍለው ከኪስ ነው።

የግሉ ዋጋ ለምን እንዲህ እንደናረም ታካሚ የማወቅ መብት አለው። ማደንዘዣው፣ መሙያው፣ ለሩት ካናል የምንጠቀምባቸው ቀጫጭን ፋይሎች፣ የራጁ ዕቃ በአመዛኙ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ አቅራቢዎቻችንም ዋጋቸውን አብረው ከፍ አደረጉ። ይህ ግን ዋጋን ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም። ሩት ካናል ሊሠራለት የተቀመጠ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የጠቅላላውን ዋጋ ሊነገረው ይገባል፤ ከላይ የሚደረገው ሽፋን ገብቶበታል ወይስ ለብቻው ነው? ስንት ቀጠሮ ይፈጃል? ክፍያው በየቀጠሮው ሊከፋፈል ይችላል? መሣሪያው በእንፋሎት ግፊት ማምከኛ ያልፋል? ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ዘንድ መቀመጥ አያስፈልግም። ራጁንም ይዞ መውጣት መብት ነው፤ ቢያንስ በስልክ ፎቶ ማንሳት። አለዚያ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ያንኑ ራጅ ሁለተኛ ይከፍሉበታል።

አንድ ቀን አንዲት የሰበታ እናት አራት የተበላ ጥርስ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ለዚህ ሁሉ ከየት አመጣለሁ? ንቀልልኝና ልገላገል» አሉኝ።

«እናቴ፣ አራቱም በአንድ ቀን አይታከሙም፤ ሁሉም እዚህ እኔ ዘንድ መታከም የለባቸውም» አልኳቸው።

ወረቀት አወጣሁና በቅደም ተከተል ጻፍኩላቸው። ሥሩ ብቻ የቀረውና መግል የያዘው መጀመሪያ፤ እሱ ከመነቀል አያልፍምና በመድናቸው ጤና ጣቢያ ሄደው ሪፈር ያጽፉለታል። ቀጥሎ ከፊት ያለው በጥቂቱ የተበላው፤ እሱ በግል በአንድ ቀጠሮ ይሞላል፤ ከቆየ ነርቩን ይነካል። ሩት ካናል የሚያስፈልገው መንጋጋ ሦስተኛ፤ ለጊዜው ነርቩ ተጠርጎ በመድኃኒትና በጊዜያዊ መሙያ ይታሸግና እቁባቸው ሲወጣ ይጠናቀቃል። አራተኛው የጥቁረት ምልክት ብቻ ስለነበረው በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና እየቦረሹ በስድስት ወሩ እንዲታይ። ከየአንዳንዱ ጎን ዋጋውንና ቦታውን ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። የምሠራበት ክሊኒክ ከአራቱ የሠራው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ይህን ለባለቤት ማስረዳት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። እንዲህ ዓይነት ዕቅድ ግን በመንግሥትና በግል መካከል ያለውን አጥር አያውቅም፤ ሐኪሙ ማውጣት ያለበትም ይህንኑ ነው ባይ ነኝ።

ዕቅድና ስሌት የማይፈቅድ ሁኔታም አለ። አገጭ ሥር ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ብር እስኪያሰባስብ ሊቆይ አይገባም። እብጠቱ የትንፋሽ መተላለፊያውን ሊዘጋ ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይወሰድ።

ከሁሉ በላይ የሚቆረቁረኝ ግን የስድስት ዓመቱ መንጋጋ ነው። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ፣ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። የወለቀ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል፤ ሲበላም «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ተብሎ ይተዋል። እሱ ግን ቋሚ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች አፍ ከምነቅላቸው ጥርሶች በብዛት ይኸኛው ነው፤ በነቀልኩት ቁጥር አዝናለሁ።

ለዚህ መፍትሔው ውድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ አለ፤ የተበላውን የጥርስ ክፍል ያለ መሰርሰሪያና ያለ መብራት በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ፣ ጥርስ ላይ በሚጣበቅ ግላስ አዮኖመር ሲሚንቶ መሙላት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ሲሚንቶ፣ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናንና ጥርሱን ቢያጠቁረውም መበላቱን የሚያስቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። የጥርስ ወንበር የሌለው ጤና ጣቢያ ይህን በአንድ ተራ አልጋ ላይ ሊሠራው ይችላል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ቢጀመር፣ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ባለሙያ፣ የእጅ መሣሪያና የሲሚንቶው በጀት ነው። የሚያስተባብር የጤና ጽሕፈት ቤት ከተገኘ፣ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ቅዳሜ ጠዋቴን ያለ ክፍያ እሰጣለሁ።