ኤፖኤል-1፦ ከጥገኛ የሚያድን፣ ኩላሊትን የሚጎዳ ለውጥ

ጁሊዮ ጄኖቬዜና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በአፍሪካ አሜሪካውያን ላይ የሚበረታውን የኩላሊት በሽታ ኤፖኤል-1 ከተባለው ጂን ጋር አያይዞታል። የዚህ ጂን ፕሮቲን በደም ውስጥ የገቡ ትሪፓኖዞማዎችን ይገድላል። ጂ-1 እና ጂ-2 የተባሉት ሁለት ለውጦች ደግሞ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣውን፣ መደበኛው ፕሮቲን የማይደፍረውን ሮዴሲየንስን ጭምር እንዲገድል ያስችሉታል፤ እነዚሁ ለውጦች ግን ኩላሊትን ለጉዳት ያጋልጣሉ።

የጥናቱ ብርታት በስታቲስቲክስ ሳይወሰን ወደ ቤተ ሙከራ መሄዱ ነው። ቀደም ሲል ተጠያቂ ተደርጎ የነበረው ጎረቤት ጂን እንዲህ ያለ ማስረጃ አልተገኘለትም። ጎጂ ለውጥ በሕዝብ ውስጥ ስለምን እንደሚበዛም አሳማኝ ምክንያት ያቀርባል። ጥገኛውን ለመከላከል አንድ ቅጂ ሊበቃ ይችላል፤ የኩላሊቱ አደጋ ግን በዋነኛነት የሚጎላው ከሁለቱም ወላጆች በወረሰ ሰው ላይ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ልጆች ከተወለዱ በኋላ። ስለዚህ ተፈጥሯዊ ምርጫ ጥቅሙን ሲመዝን ከጉዳቱ ከፊሉ ያመልጠዋል። ከ100 አፍሪካ አሜሪካውያን 13 ያህሉ ሁለት የአደጋ ቅጂ ይዘው መገኘታቸው ከዚህ አንጻር እንግዳ አይሆንም።

ድካሙ ከሙከራ ቱቦ ወደ ታሪክ በሚያሻግረው እርምጃ ላይ ነው፤ ጸሐፊዎቹ በጥንቃቄ ቢናገሩም አንባቢ ግን ጥንቃቄውን ቶሎ ይዘነጋዋል። ሮዴሲየንስ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ጥገኛ ነው፤ ለውጦቹ በብዛት የሚገኙት ግን ጋምቢየንስ በሚያጠቃው ምዕራብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኡጋንዳና ከጊኒ የወጣ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ጂ-2 ከሮዴሲየንስ ሲከላከል፣ በጋምቢየንስ በተያዙት ላይ ከበሽታው መክፋት ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ ጂ-1 በአንጻሩ ምልክት ከሌለው ጋምቢየንስ ጋር ተዛመደ። የአንድ ለውጥ ጥቅምና ጉዳት እንደ አካባቢው ጥገኛ ይገላበጣል ማለት ነው፤ የ2010ሩ ሥዕል ይህን አላሳየም።

ለኢትዮጵያ ሐኪም ደግሞ «የአፍሪካ ዝርያ» የሚለው ጥቅል አነጋገር ያሳስባል። በዚያው በ2010 በሌላ ቡድን በተመረመሩ የኢትዮጵያውያን ናሙናዎች እነዚህ ለውጦች አልተገኙም፤ ኤች.አይ.ቪ. የሚያስከትለው ልዩ የኩላሊት በሽታም በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ አለመታየቱ ቀደም ሲል ተዘግቦ ነበር። ከአሜሪካ የተቀዳ የአደጋ ስሌት ለጎንደር ወይም ለጅማ ታካሚ እንዳለ ሊሠራ አይችልም፤ የቆዳ ቀለም የጂ-1ን መኖርም ሆነ አለመኖር አይናገርም።