የድሮ ሞተር በሃይድሮጅን፦ ይቻላል፣ ግን ያዋጣል?

አፉላ ኢሊት ውስጥ ስለ መኪና ስናወራ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ያለንን የቤንዚን ሞተር ወደ ሃይድሮጅን ብንቀይረውስ?» ይቻላል። ደ ሪቫዝ እ.ኤ.አ. በ1807 የሠራው ሞተር ራሱ የሚነዳው በሃይድሮጅን ነበር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ለምን አልተስፋፋም?

እስቲ ቢኤምደብሊው በ2006 ያስተዋወቀውን «ሃይድሮጅን 7» እንመልከት። ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩ በቤንዚንም በሃይድሮጅንም ይሠራ ነበር። ኃይሉ ግን 260 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ቤንዚን ብቻ የሚጠቀመው ወንድሙ 445 አለው። ሃይድሮጅኑ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ መኪናው ሲቆም ይተናል። ለ100 ኪሎ ሜትር 3.6 ኪሎ ይፈጃል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ወደ 50 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ፣ 180 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዚያው መብራት አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እርግጥ ነው፣ ትንሽ ሞተር ያነሰ ይፈጃል፤ ልዩነቱ ግን አይጠፋም።

«ንጹሕ ነው» የሚለውም መመርመር አለበት። ከጭስ ማውጫው ካርቦን አይወጣም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጠራል። ሃይድሮጅኑስ ከየት መጣ? በ2023 ያጉር ላይ ለተከፈተው የእስራኤል የመጀመሪያ የሃይድሮጅን ማደያ ጋዙን የሚያቀርበው የሐይፋው ባዛን ነው፤ የሚመረተውም ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን «መኪናህን በውሃ እናስነዳለን» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ነው። ውሃውን የሚከፍለው ኤሌክትሪክ የሚመጣው ከዚያው ሞተር ነው፤ የሚመለሰው ኃይል ከወጣው ያንሳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ቴስት ላይም ችግር ያመጣል።

ሐሳቡን ግን ጨርሶ አልጥለውም። የእንግሊዙ ጄሲቢ ለቁፋሮ ማሽኖች የሃይድሮጅን ሞተር ሠርቷል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ከባድ ማሽን ባትሪ ሁልጊዜ አይመችም። ቴክኒዮን ውስጥም ፕሮፌሰር ሊዮኒድ ታርታኮቭስኪ የሞተሩን የጭስ ሙቀት ተጠቅመው ሜታኖልን ሃይድሮጅን ወደበዛበት ጋዝ የመቀየር መንገድ አጥንተዋል፤ ከባዱን የማጠራቀሚያ ችግር ያቃልላል።

ስለዚህ ሙሳኽ ገብታችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሃይድሮጅኑ ከየት ይመጣል? የት ይጠራቀማል? ለውጡንስ ማን ፈቀደው? መልስ ከሌለው ገንዘባችሁን ለትምህርታችሁ አስቀምጡት። ምናልባት የተሻለውን ሞተር የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።