ከፋይ የለበሰ ብረት

መሣሪያና ማደሪያው ተነጣጥለው አይታዩም። ሰይፍ አፎት፣ መጽሐፍ ማኅደር እንዳለው ሁሉ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የአሜሪካና የአውሮፓ ሽጉጥ ሠሪዎችም ለምርጥ ሥራዎቻቸው ውስጡ በከፋይ ወይም በሱፍ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ያሠሩ ነበር። ዛሬ እነዚህ ባለሣጥን ሽጉጦች የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው ቅርሶች መካከል ናቸው። ሰብሳቢው በሣጥኑ ውስጥ የሚያየው ምንድን ነው? ሳያይ የሚያልፈውስ? የኂስ ተግባር እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ባንድነት ማንሣት ነው።

በመጀመሪያ ሣጥኑን መክፈት ይገባል። በእንግሊዞች ልማድ የሣጥኑ ውስጥ በቀጫጭን ማገጃዎች ተከፋፍሎ ብዙውን ጊዜ በአረንጓዴ ሱፍ ይለበጣል፤ በፈረንሳዮች ዘንድ ግን እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ቅርጽ ተከትሎ በተቦረቦረለት መኝታ ውስጥ ይጋደማል። ከሽጉጡ ጎን የባሩድ መያዣ፣ የቀለጠ እርሳስ ጥይት ሆኖ የሚወጣበት ባለሁለት እጀታ መቅረጫ፣ ትንንሽ የመዳብ ማቀጣጠያዎች የተቀመጡበት ቆርቆሮ፣ መፍቻና መወልወያ ዘንግ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተሰናዳ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሽጉጥ ባለቤት ጥይቱን በገዛ እጁ ሊያፈስ፣ ባሩዱን ሰፍሮ እያንዳንዱን ጎሬ በየተራ ሊያጎርስ ይችል ነበር። ስለዚህ ሣጥኑ በጉልበት ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ወርክሾፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ስሚዝና ዌሰን የተባሉት ሠሪዎች ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው ባንድ ቀለህ ውስጥ የተዋሐዱለትን ሽጉጥ ለገበያ ሲያቀርቡ፣ የዚህ ወርክሾፕ ዕድሜ ማጠር ጀመረ።

የሰብሳቢው ሚዛን ሁለት ነው፤ ምሉዕነትና አለመነካት። ከሣጥኑ አንዲት መፍቻ ብትጎድል ዋጋው ይወርዳል፤ የብረቱ ሰማያዊ ቀለም ሳይፋቅ ከተገኘ ደግሞ ይንራል። ለዚህ ሚዛን ክብር መንፈግ አይገባም። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ዝገት በልቷቸው በቀሩ ነበር። አሮጌ ሽጉጥ ከአዲስ ሣጥን አጋብቶ የሚሸጠውን አታላይ የሚያጋልጠውም የእነርሱው የሠለጠነ ዓይን ነው።

ሆኖም ሚዛኑ የተገላቢጦሽ ፍርድ ያስከትላል። የሳሙኤል ኮልት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1847 ካወጣቸው 1,100 ያህል የዎከር ሽጉጦች መካከል አንዱን አንድ የዴንማርክ የመርከብ አዛዥ ገዝቶ ወደ አገሩ ወሰደው። ከነሣጥኑ የተረፈ ዎከር ተብሎ የሚታወቀው ይኸው ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በሐራጅ ሲሸጥ 1,840,000 ዶላር አወጣ። ከወንድሞቹ አብዛኞቹ ለጦር ሠራዊት የተሠሩ ነበሩና ተተኮሱ፣ ፈነዱ፣ ጠፉ፤ ከጦር ሜዳ የራቀው ግን ከሁሉ ከበረ። አንድ ታሪካዊ ዕቃ ታሪክ ስላልነካው ሲከበር፣ የክብሩ ምንጭ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄውን ይበልጥ የሚያከብደው በዎከር ሽጉጦች ብረት ላይ የተቀረጸው ሥዕል ነው። ስድስት ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ሲሊንደር ዙሪያ፣ የገንዘብ ኖት ቅርጽ በመሥራት የታወቀው ደብልዩ ኤል ኦርምስቢ ያዘጋጀው ትዕይንት ይታያል፤ የቴክሳስ ፈረሰኛ ጠባቂዎች ከኮማንቼ ተዋጊዎች ጋር ሲፋለሙ ያሳያል። ምስሉ በየሽጉጡ ላይ አንድ በአንድ በእጅ የተቀረጸ ሳይሆን፣ ከጠንካራ ብረት ማኅተም በግፊት የተገለበጠ ነው። በንድፍ ረገድ ብልሃት አያንሰውም። በጠባቡ ቀለበት ላይ ግልቢያው መጀመሪያም መጨረሻም የለውም፤ ሽጉጡ በተቀባበለ ቁጥር ሲሊንደሩ ይዞራል፣ ፈረሶቹም አብረው ይዞራሉ፣ ፍልሚያው እንደገና ይጀመራል። የሚገደለው ሕዝብ ለሚገድለው መሣሪያ ጌጥ ሆኗል። ገበያው ከዚህ ትዕይንት ምን ያህሉ ሳይፋቅ እንደቀረ በመቶኛ ይለካል፤ የሚተኩሰው ማን ነው፣ የሚወድቀው ማን ነው፣ መሬቱስ የማን ነበር የሚለውን ለመጠየቅ ግን መለኪያ አላበጀም።

ሌላው የባለሣጥን ሽጉጥ ጠባይ ስጦታነቱ ነው። ኮልት የመሣሪያ ሠሪ ብቻ ሳይሆን ብልጥ ነጋዴም ነበር። በክሪሚያ ጦርነት ዘመን በወርቅ ያጌጡ ሽጉጦችን ለሩስያው ቄሣር ለቀዳማዊ ኒኮላስም፣ ለኦቶማኑ ሱልጣን ለአብዱልመጂድም አበረከተ፤ ሁለቱ ገዢዎች ግን እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ዛሬ አንደኛው ሽጉጥ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ፣ ሌላው በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። የወርቁ ሥራ እጅግ ያማረ ነው፤ ከወርቁ ሥር ግን የንግዱ ሒሳብ ይነበባል።

የስጦታ ሽጉጥ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን እ.ኤ.አ. በ1862 ከንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የተላኩ ሽጉጦች ይዞ መጥቶ ነበር። በስጦታ የታደሰው ወዳጅነት በጦርነት ተደመደመ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጃቸውን ላለመስጠት የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉት ከዚያው ስጦታ በአንዱ እንደሆነ ይነገራል። በሰብሳቢው ሚዛን እንዲህ ያለው ሽጉጥ «ያልተነካ» ሊባል አይችልም። ትርጉሙ ሁሉ ያለው ግን በመነካቱ ላይ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሣጥኑን ዘግቶ መጣል ወይም ብረቱን ማቅለጥ አይደለም፤ አነባበቡን ማስፋት ነው። በብረቱ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካው ባለቤት ስም ነው፤ እንጨቱን የገጠመው አናጢ፣ ከፋዩን የለጠፈው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ስም የላቸውም። በአፈሙዙ ፊት የቆመውማ ፈጽሞ አይጠቀስም። ሙዚየሙ በመግለጫው፣ መምህሩ በትምህርቱ፣ ሠዓሊው በሥራው እነዚህን ሦስቱን ከባለቤቱ ጎን ሲያሰልፋቸው፣ ዕቃው ከውድ ጌጥነት ወደ ምስክርነት ይሸጋገራል። ከፋዩ ብረቱን ከጭረት ይጠብቀው፤ ከጥያቄ ግን ሊጠብቀው አይገባም።