ሲኒማ ቤቱና ከደጅ የቀረው ተመልካች

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባበት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጨለማ ውስጥ በግድግዳ ላይ የሚሯሯጠው ሰው የማን ሥራ እንደሆነ ግራ የገባው ተመልካች በጊዜ ብዛት ፍርሃቱን ጥሎ ገባ፤ ሲኒማም የከተማው ሕይወት አንድ ክፍል ሆነ። ይሁንና ዛሬም ከደጅ የሚቀር ተመልካች አለ። ይህ ተመልካች የሚቀረው ፈርቶ አይደለም። የመግቢያው ደረጃ፣ የአዳራሹ አቀማመጥ፣ አልፎም የፊልሙ አሠራር ራሱ ስለማያስገባው ነው።

የአካል ጉዳተኞችና የሲኒማ ቤት ጉዳይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ እንደ በጎ አድራጎት ወይም እንደ አናጢና ግንበኛ ሥራ ይታያል። በዚህ አስተያየት መሠረት ደራሲው ይደርሳል፣ አዘጋጁ ያዘጋጃል፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ በጀት ከተረፈ ለአካል ጉዳተኛው አንድ ነገር ይታሰብለታል። ይህ አመለካከት ከሥረ መሠረቱ መታረም ይገባዋል። ፊልም የሚፈጸመው በተመልካቹ ፊት ነው፤ ተመልካቹ ዘንድ ያልደረሰ ሥራ በጅምር እንደቀረ ይቆጠራል። ጉዳዩ የኪነ ጥበቡ የራሱ ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ሦስት ፊልሞችን መመርመር ይበቃል፤ የቻርሊ ቻፕሊንን «የከተማ መብራቶች»፣ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እና «ኮዳ» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም።

ድምፅ ሲገባ የወጣው ተመልካች

ሲኒማ ሲወለድ መስማት ለተሳነው ሰው ዝግ አልነበረም። ድምፅ አልባው ፊልም ነገሩን በምስል፣ በፊትና በእጅ እንቅስቃሴ፣ እንዲሁም በትዕይንቶች መካከል በሚገባ ጽሑፍ ይገልጽ ስለነበር፣ ማንበብ የሚችል መስማት የተሳነው ሰው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰሚ እኩል ይስቅ፣ እኩል ያዝን ነበር። በተዋናይነትም ድርሻ ነበረው። መስማት የተሳነው የካሊፎርኒያ ሠዓሊ ግራንቪል ሬድመንድ በቻፕሊን ፊልሞች ውስጥ ተጫውቷል፤ ቻፕሊንም በስቱዲዮው ግቢ የሥዕል መሥሪያ ቦታ ሰጥቶት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» ከታየ በኋላ ድምፅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲኒማውን ጠቅልሎ ያዘው፤ ጽሑፉም ከምስሉ ተነሣ። ለአብዛኛው ተመልካች የዕድገት ደረጃ የነበረው ይህ ለውጥ መስማት ለተሳነው ሰው የበሩ መዘጋት ሆነ። በኩባ የተወለደውና በድምፅ አልባ ፊልሞች ይጫወት የነበረው መስማት የተሳነው ኤመርሰን ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1947 የድምፅ ፊልሞችን ቅጂ እየቆረጠ በመካከሉ ጽሑፍ በማስገባት፣ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ክበቦች ማከራየት ጀመረ። ዘዴው የምስሉን ፍሰት ያቋርጥ ስለነበር ፍጹም አልነበረም፤ ግን መንገድ ከፈተ። የአሜሪካ መንግሥት በጽሑፍ የተደገፉ ፊልሞችን ለእነዚህ ተመልካቾች ለማዳረስ ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ከ1927 እስከ 1958 ያለው 31 ዓመት ነው፤ ሕፃን ተወልዶ፣ ዐድጎ፣ ልጅ የሚወልድበት ዘመን።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ድምፅ ሲገባ ጽሑፍ እንዲወጣ የሚያስገድድ አንዳችም የቴክኒክ ምክንያት አልነበረም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችሉ ነበር። የተለያዩት ፊልም ሠሪዎችና ነጋዴዎች ተመልካቹን ሲቆጥሩ አንዱን ወገን ሳይቆጥሩ ስለቀሩ ነው።

የአበባ ሻጯ ልጅ

እ.ኤ.አ. በ1931 የቀረበው «የከተማ መብራቶች» ንግግር የለውም፤ በሙዚቃና በአንዳንድ ድምፆች የታጀበ ነው። ዋናዋ ሴት ገጸ ባሕርይ ማየት የተሳናት አበባ ሻጭ ናት። የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ፊቷ የቆመውን ምስኪን መንገደኛ ሀብታም ሰው ነው ብላ ታስባለች፤ የታሪኩ ቋጠሮም በዚህ ስሕተት ይቋጠራል። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ልጅቱ በጆሮዋ የተረዳችውን ተመልካቹ የሚረዳው በዓይኑ መሆኑ ነው። ቻፕሊን ድምፅን በምስል ማሳየቱ ታላቅ ጥበብ ነው። በመጨረሻም ልጅቱ ዓይኗ በርቶላት ሳለ መንገደኛውን ታገኘዋለች፤ ማንነቱን የምታውቀው ግን እጁን ስትዳስስ ነው።

ይህን ፊልም ማየት የተሳነው ሰው ቢታደመውስ ምን ያገኛል? ከሙዚቃውና ከጥቂት ድምፆች በስተቀር የሚሰማው ነገር የለም። ስለ እርሱ የተሠራው ታሪክ በፊቱ አልፎ ይሄዳል። ይህን ጉድለት የሚሞላው ዘዴ የቃል ገለጻ ነው። ተራኪው በንግግሮች መካከል ባለው ዝምታ የሚታየውን ነገር በአጭር ቃል ይናገራል፤ ተመልካቹም በጆሮ ማዳመጫ ይከታተለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 በዋሽንግተን በአሬና ስቴጅ ቴአትር በማርጋሬት ፋንስቲል መሪነት ይህ አገልግሎት ለቴአትር ታዳሚዎች ተሰጥቷል፤ ከዚያም ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ፊልም ተዛምቷል።

የቃል ገለጻ ከማንኛውም ድርሰት የማይተናነስ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከላይ በተጠቀሰው መጨረሻ ላይ ተራኪው «እጁን ዳሰሰች፤ ቀና ብላ አየችው» ቢል ሥራውን ሠርቷል። «በፍቅር ልቧ ተነካ» ቢል ግን ፍርዱን ከተመልካቹ ነጥቋል። የትኛው ይነገር፣ የትኛው ይተው፣ ዝምታውስ የት ላይ ይጠበቅ የሚለው የአዘጋጁም የደራሲውም ኃላፊነት ነው። ድምፅ ብቻውን ሥዕል ሊሥል እንደሚችል በአገራችን የራዲዮ ድራማ በሚገባ አስመስክሯል። በራዲዮ ድራማ የሠለጠነ ደራሲና ተዋናይ ባለበት አገር ለዚህ ሥራ ባለሙያ ጠፋ ማለት አያስኬድም።

አንበርብር ከደረጃው ሥር

«ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን አገር በዘረኞች ጥቃት እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ነው። የጎደለው እግር በፊልሙ ውስጥ የአንድ ሰው ጉዳት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የአንድ ትውልድ ስብራት ምልክት ሆኗል። ኃያሲው ይህን ያደንቃል፤ መምህሩም ለተማሪዎቹ ይተነትነዋል።

ሆኖም ምልክቱን ከማድነቅ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት አንድ ተራ ጥያቄ አለ። አንበርብር የራሱን ፊልም ለማየት ቢመጣ በየትኛው በር ይገባል? መግቢያው በደረጃ ከፍ ያለ፣ መጸዳጃው ምድር ቤት፣ መቀመጫው ሰገነት ላይ ቢሆንስ? ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀመውን ሰው ሁለት ዘበኞች በክንድ ተሸክመው ማስገባታቸው ቸርነት ይመስል ይሆናል። ሰውየው ግን ትኬት የቆረጠው እንደ ዕቃ ለመጫን አልነበረም። ከገባም በኋላ ቦታው መተላለፊያው ላይ ወይም አንገት እስኪጣመም ድረስ ከሸራው ሥር ከሆነ፣ ሚስቱ ወይም ጓደኛው ደግሞ ከእርሱ ርቀው ከተቀመጡ፣ ገባ እንጂ ተመለከተ ሊባል አይችልም። ጉዳት የደረሰበትን ሰው በሸራው ላይ ምልክት አድርጎ በደጁ ላይ መርሳት የኪነ ጥበቡን ቃል ያሳጣዋል።

ሌላም ነገር አለ። የ«ጤዛ» አማርኛ ንግግር ለባዕድ ተመልካች እንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ተዘጋጅቶለታል። ይህ ተገቢ ነው። ግን አማርኛ ማንበብ እየቻለ መስማት ለተሳነው ኢትዮጵያዊ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከዚያ የበለጠ ድካም የለውም፤ ትርጉም እንኳ አያሻውም።

ጽሑፍ ምስልን ያበላሻልን?

አንዳንድ አዘጋጆች ጽሑፍ የምስሉን ውበት ያደፈርሳል ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆነው «ኮዳ» ነው። ወላጆችዋና ወንድሟ መስማት የተሳናቸው ልጅ ታሪክ የሆነው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ጽሑፉ ለሁሉም ተመልካች በሸራው ላይ ይነበብ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የኦስካርን የምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ፤ መስማት የተሳነው ተዋናይ ትሮይ ኮትሰርም በረዳት ተዋናይነት ተሸለመ። በፊልሙ ውስጥ ልጅቱ በትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ ስትዘፍን ድምፁ በድንገት ይጠፋል፤ ሰሚው ተመልካች ለአንድ አፍታ በአባትየው ቦታ ይቀመጣል። ጽሑፉ ይህን ትዕይንት አላደፈረሰውም።

እርግጥ ነው፣ ጽሑፍ ብቻውን ሁሉንም አያዳርስም። ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገ መስማት የተሳነው ሰው የሚያሻው የምልክት ቋንቋ ነው፤ በቴሌቪዥን ዜና ጥግ ላይ የሚታየው አስተርጓሚ በፊልም ማሳያም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ጨለማና ከፍተኛ ድምፅ የሚያስጨንቃቸው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም አሉ። ለእነርሱ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ፣ መነሣትና መንቀሳቀስ ሳይከለከል የሚታይበት ሰዓት ሊመደብ ይችላል። ነገር ግን አካል ጉዳተኛውን ሁሉ በዓመት አንድ ቀን ሰብስቦ ፎቶግራፍ ማንሣት ከዚህ ሥራ ጋር አይቈጠርም። ተመልካች የሚፈልገው በፈቀደው ቀን ከወዳጁ ጋር መምጣት ነው።

ከአዋጅ ወደ አዳራሽ

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 ቴአትርንና ፊልምን በስም ጠርቶ፣ ሥራዎቹ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች መልክ እንዲቀርቡ ያዛል። ስለዚህ የሕንፃ አዋጁን ብቻ አንብቦ መወጣጫ የሠራ ሲኒማ ቤት የግዴታውን እኩሌታ ብቻ ፈጽሟል፤ ቀሪው እኩሌታ በሸራውና በድምፁ ላይ ነው።

ቀሪው እኩሌታ የሚጀምረው ከድርሰቱ ጠረጴዛ ነው። ደራሲው ጽሑፉን፣ አዘጋጁ ገለጻውን፣ ፕሮዱዩሰሩ ወጪውን ካሜራ ከመነሣቱ በፊት ሊያስቡበት ይገባል፤ ሲያልቅ የሚለጠፍ ነገር ሁልጊዜ ልጥፍ መስሎ ይቀራልና። ትኬት ቆራጩና ቦታ አሳዩ ማየት የተሳነውን ሰው በክንዱ ከመጎተት ይልቅ ክንዳቸውን እንዲሰጡት ሊማሩ ይገባል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ኃያሲውም ስለ አንድ ፊልም ሲጽፍ ስለ ትወናውና ስለ ምስሉ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ይህ ሥራ ማንን አስገባ፣ ማንንስ ከደጅ አስቀረ ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። ጥያቄው የሂስ ልማድ ሲሆን መልሱም የአሠራር ልማድ ይሆናል።